ደህና ነኝ ጋሼ

ልጁን መጀመሪያ ያገኘሁት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ባለ አንድ የሐበሻ ካፌ ነው። ኖቬምበር 2024 ነበር፤ ብርዱ ገና መጀመሩ። ቀድሞኝ መጥቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። አልተቀመጠም። የለበሳት ጃኬት ለአዲስ አበባ ሐምሌ ትሆን ይሆናል እንጂ ለዚህ አገር ብርድ አትሆንም። እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ።

«ምን ትበላለህ?»

«ኧረ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት፣ ጋሼ።»

ማኪያቶ አዘዝኩለት። አራት ማንኪያ ስኳር ጨመረበትና ቀስ እያለ ጠጣው። ሥራ እንዴት ነው አልኩት፤ ደህና ነው አለኝ። ቤቱስ? ደህና ነው። የሚያስቸግርህ ነገር አለ? «ኧረ ምንም የለም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ጋሼ።»

ማታ ቤቴ ስገባ ለባለቤቴ «ጨዋ ልጅ ነው፤ ምንም ችግር የለበትም» አልኳት። ያን ማታ ያልኳትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ስድስት ወር ሙሉ ልጁን ያየሁት በዚያ አባባል ነውና። አራት ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው ጠግቦ እንዳልመጣ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው።

ስሙን አልጽፍም። ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት አንብቦታል። አንድ ቦታ ላይ «ይቺን ይተዋት» አለኝ፤ ተውኳት። የቀረው በፈቃዱ ነው።

ልጁ የመጣው በዲቪ ነው። እኔም በ1997 የገባሁት በዚሁ በር ነው። (ዓመቱን እንደ አውሮፓ ነው የምቆጥረው፤ የኢትዮጵያውን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።) ልጁ በመጣበት ጊዜ ዲቪ በዓመት እስከ 55 ሺህ ለሚደርስ ሰው ቪዛ ይሰጥ ነበር። ቪዛ እንጂ ቤት አይሰጥም ነበር። ያኔ በስደተኝነት ተመዝግቦ የሚመጣ ሰው አውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበለው ድርጅት ነበረው፤ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ቤት ይፈለግለት ነበር፤ ወረቀቱን የሚያስጨርስለት ሰው ይመደብለት ነበር። ዲቪ የደረሰው ሰው ግን ዘመድ ካለው ዘመድ ይቀበለዋል። ከሌለው ማንም የለም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። አገር ቤት ዲቪ ሲወጣ «አለፈለት» ነው የሚባለው።

እሱ ሲመጣ 19 ዓመቱ ነበር። የአባቱ የአክስት ልጅ ቨርጂኒያ ተቀበለችው። ሁለት ልጆቿን ይዛ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ ነው የምትኖረው። ሁለት ወር ሶፋ ላይ አስተኛችው፤ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለውን መለያ ቁጥሩን አስወጣችለት፤ ሥራ አስገባችው። ክፉ አላደረገችበትም፤ ከአቅሟ በላይ ነው ያደረገችው። ከዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ቤዝመንት ውስጥ በወር 750 ዶላር ክፍል ተከራየ። ሌሊት ዲሲ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ይሠራል፤ ከማታ አምስት ሰዓት እስከ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ሌሊት። ቅዳሜና እሑድ ቀን ደግሞ ማደያ። ሲደመር 56 ሰዓት ነው።

እና ጎበዝ ተማሪ ነው። ይህን መጀመሪያ ላይ ሳልናገር ማለፌ ልክ አይደለም፤ የነገሩ ሁሉ መነሻ እሱ ነው። የ12ኛ ክፍልን ፈተና የወሰደው በ2015 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት መካከል ግማሹን ነጥብ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። እሱ ከእነሱ አንዱ ነው። ደብረ ብርሃን፣ በሰፈሩ፣ በስሙ ልጅ ይመከርበታል። «እንደሱ ሁን» ይባልበታል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አንደኛ ዓመት ላይ ሳለ ዲቪው አለቀ፤ መጣ። እንግዲህ ይህ ልጅ ነው እዚህ ኮሌጅ ሊመዘገብ ሄዶ፣ ፈተና ተፈትኖ፣ «መጀመሪያ እንግሊዝኛ መማር አለብህ» የተባለው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረ ልጅ። ያን ቀን ምን እንደተሰማው የነገረኝ ከስምንት ወር በኋላ ነው።

እኔ ምን አደረግኩ? መከርኩት። በየሁለት ሳምንቱ እያገኘሁት መከርኩት። «እኔም ፓርኪንግ ሠርቻለሁ፤ እኔም ቤዝመንት ኖሬያለሁ፤ አልፌበታለሁ፤ አንተም ታልፈዋለህ» እለው ነበር። ከልቤ ነው ያልኩት። ፓርኪንግ መሥራቴም እውነት ነው፤ በዚያ ዘመን ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ያልሠራ ሐበሻ ማግኘት ይከብድ ነበር። አሁን ሳስበው ግን «አልፌበታለሁ» የሚለው ቃል በር ይዘጋል። አልፌበታለሁ ያለ ሰው አይጠይቅም፤ የሚያውቀው ይመስለዋል። ልጁም «ጋሼ ካለፈበት እኔ ምን ሆኜ ነው የማልችለው» ይልና ይበልጥ ዝም ይላል።

ደግሞም አንድ አይደለም። እኔ ስመጣ 26 ዓመቴ ነበር። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ነበር የምኖረው፤ ማታ ማታ አንዱ ሽሮ ይሠራል፣ አንዱ እንጀራ ይገዛል። ለእናቴ የምደውለው በካርድ ነበር፣ በወር አንዴ፤ በቀረው ጊዜ ምን እንደሆንኩ ማንም አያየኝም። እሱን እናቱ በየቀኑ በቪዲዮ ታየዋለች። ሁሌ የሚደውልላት ከኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ነው። ከኋላው የመጽሐፍ መደርደሪያ ይታያል፤ ብርሃኑም ጥሩ ነው። ከክፍሉ ደውሎላት አያውቅም። ይህንንም ያወቅኩት በኋላ ነው።

ፌብሩዋሪ ላይ አንድ ስህተት ሠራሁ። ከመኪና ሲወርድ 200 ዶላር ኪሱ ውስጥ ከተትኩበት። «ተወው፣ ጃኬት ግዛበት» አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ፤ አመስግኖ ሄደ። ከዚያ ጠፋ። ስደውል አያነሣም። «ሥራ በዝቶብኝ ነው ጋሼ፣ ደህና ነኝ» የሚል መልእክት ብቻ ይልክልኛል። ሦስት ሳምንት። በሦስተኛው ሳምንት ቤታችን መጣና ለባለቤቴ ፖስታ ሰጥቷት ሄደ። ውስጡ 40 ዶላር ነበር። ፖስታው ላይ በእስክሪብቶ «1/5» ተጽፏል።

ያቺን ፖስታ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫታለሁ። እኔ ስጦታ የሰጠሁት መስሎኝ ነበር። እሱ የያዘው ዕዳ ነው። ቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ወደ አገር ቤት የሚላክ ብር፣ በዚያ ላይ የጋሼ 200 ዶላር። ይሉኝታ ያለበትን ልጅ በካሽ መርዳት ሸክም መጨመር ሊሆን እንደሚችል ያኔ ነው የተማርኩት። የቀሩትን አራት ፖስታዎች አልተቀበልኩም አልልም፤ ተቀበልኳቸው። ባለቤቴ ናት «ተቀበለው፤ ያለዚያ ተመልሶ አይመጣም» ያለችኝ። ልክ ነበረች። አምስተኛውን ፖስታ ይዞ የመጣ ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን ተቀምጦ ራት የበላው።

ያን ማታ ነው ነገሩ የወጣው። ኤፕሪል መጨረሻ ነው። ሴሚስተሩ እንዴት ሆነ አልኩት። «ደህና ነው» አለኝ። ባለቤቴ ሁለተኛ እንጀራ እያወጣችለት፣ ምንም ሳታስብበት፣ «ስንት ኮርስ ነበር የያዝከው?» አለችው። አምስት አላት። «አምስቱንም እየሠራህ ነው?» አለችው። ዝም አለ። እንጀራውን እያየ ብዙ ቆየ። «ሦስቱን ትቻቸዋለሁ» አለ።

በማግስቱ ክፍሉን ለማየት ሄድኩ። እንዲያሳየኝ ለመንኩት፤ ማዘዝ አልፈለግኩም። ደረጃው ከቤቱ ጀርባ ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም። ፍራሽ መሬት ላይ አለ፤ በደንብ ተነጥፏል፤ ጫማዎቹ በረድፍ ተቀምጠዋል። አንዲት የሩዝ ማብሰያ አለች። ግድግዳው ጥግ አንድ ፌስታል በርበሬ አየሁ። እናቱ ሲመጣ ያስያዘችው ነው። ቋጠሮው አልተፈታም። አከራዩ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እንዲቁላላ አይፈቅዱም፤ ሽታው ወደ ላይ ይወጣል ይላሉ። ከመጣ ስምንተኛ ወሩ ነው፤ ቋጠሮው እናቱ እንዳሰረችው ነው። ሩዝ በጨው፣ ሩዝ በእንቁላል፣ ሥራ ቦታ የሚተርፍ ዶናት። ይህ ነበር ምግቡ።

ለምን አምስት ኮርስ ያዝክ አልኩት። «ቶሎ ለመጨረስ» አለኝ። ለምን ይህን ያህል ሰዓት ትሠራለህ አልኩት። ለክፍያው። የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ አላገኘህም? «ሞልቼ ነበር። እናቴ ጋ ሲደርስ ቆመ።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለብዙ ልጆች ነገሩ የሚሰናከለው እዚህ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ የሚገባ ተማሪ የሚሞላው ፋፍሳ የሚባል ቅጽ አለ። ፔል ግራንት የሚባለውን፣ ተመልሶ የማይከፈለውን ገንዘብ የሚያስገኘው እሱ ነው። በ2024–25 እና በ2025–26 ከፍተኛው መጠን በዓመት 7,395 ዶላር ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ይችላል። ችግሩ ቅጹ ተማሪውን መጀመሪያ «ጥገኛ ነህ ወይስ ራስህን የቻልክ?» ብሎ መለየቱ ነው። ራሱን ችሎ መኖር አይቆጠርም። ኪራይ መክፈል አይቆጠርም። 24 ዓመት ካልሞላህ፣ ካላገባህ፣ የምታሳድገው ልጅ ከሌለህ፣ ውትድርና ካላገለገልክ፣ ወላጆችህ ሁለቱም በሕይወት ከሌሉ በቀር፣ ከጥቂት ሌሎች ምክንያቶች ውጪ ጥገኛ ነህ። ለ2025–26 ዓመት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2002 በፊት ያልተወለደ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። ጥገኛ ከሆንክ ወላጅህ ውቅያኖስ ማዶ ቢሆኑም ገቢያቸው ወደ ዶላር ተመንዝሮ ይጻፋል። ከ2024–25 ወዲህ ደግሞ ቅጹ በኢንተርኔት ሲሞላ ወላጅ የራሱን አካውንት ከፍቶ ፈቃዱን መስጠት አለበት። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌላቸው ወላጆች አዲሱ ቅጽ በወጣ ሰሞን ለወራት ጭራሽ መግባት ተቸግረው ነበር።

ልጁ ይህን ቅጽ ዲሴምበር ላይ ብቻውን ቁጭ ብሎ ሞልቷል። አባቱ በልጅነቱ ነው የሞቱት። እናቱ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት የምታስረክብ ሴት ናት። ኢሜይል የላትም። አካውንቷን ለመክፈት የሚያስፈልገው የማረጋገጫ ኮድ በታናሽ ወንድሙ ስልክ ሲላክ ኔትወርክ ይጠፋል፤ ኔትወርክ ሲመጣ የኮዱ ጊዜ ያልፋል። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ተወው። ለማንም አልነገረም። ክፍያውን በየወሩ ከፋፍሎ ለመክፈል ፈረመ፤ ለዚያ ብሎ ማደያውን ጨመረ፤ ማደያው እንቅልፉን ወሰደ፤ እንቅልፉ ሦስቱን ኮርስ ወሰደ። አንድ ኮድ ነው እንዲህ ያደረገው።

«ጥገኛ» የሚለውን ቃል በአማርኛ ስተረጉምለት ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ እኮ የምልከው» አለኝ። በየወሩ 250 ዶላር ይልክ ነበር።

ጁን ላይ አንድ ማታ እኛ ቤት ከምግብ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕ ዘርግተን ተቀመጥን። እዚህ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ደብረ ብርሃን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው። እናቱ ምጣድ ልትጥድ የምትነሣበት ሰዓት ነው፤ ኔትወርኩም ያኔ ይሻላል። በቪዲዮ ደወልን። በአንድ እጇ ስልኩን ይዛለች፤ ከኋላዋ ጭስ ይታያል። ልጅየው፣ ታናሹ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ አጠገቧ ተቀምጦ ኮዱን ይጠብቃል።

ስሟን ስንጽፍ ሌላ ጣጣ። ቅጹ ስምና የቤተሰብ ስም ይላል። የእሷ ሁለተኛ ስም የአባቷ ነው፤ የልጁ ሁለተኛ ስም የአባቱ ነው። በወረቀት ላይ እናትና ልጅ አይመስሉም። ኮሌጁ ውስጥ አንድ ሠራተኛ «የእንጀራ እናትህ ናት?» ብሎት ነበር። የልደቷን ቀን ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ነው የምታውቀው፤ ወደዚህ አገር ሲመለስ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨመራል፤ ቀኑም ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግስት በአንድ ይዛነፋል። እሱን በጣቴ እየቆጠርኩ አሰላሁ። ኮዱ መጣ። ታናሹ አነበበው። ገባ።

«ተፈቀደ» የሚለውን ስናይ ሦስታችንም አጨበጨብን። እናቱ ምን እንደተፈቀደ አልገባትም። ዞር ብላ እኔን አየችኝና «ወንድሜ» አለችኝ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይበላል?»

ስለ ትምህርቱ አልጠየቀችኝም። ስለ ሥራውም አልጠየቀችኝም። እሱ ከካሜራው ውጪ ሆኖ ራሱን ይነቀንቅብኛል፤ አትንገራት ማለቱ ነው። «እህቴ፣ አሁን እዚሁ እኛ ቤት ራቱን በልቶ ነው» አልኳት። እውነት ነው። ግን ከዚያ ማታ ሌላ ያለውን አልነገርኳትም። ስልኩ ሲዘጋ ልጁ አመሰገነኝ፤ እኔ ግን ያን ምስጋና መቀበል ከበደኝ።

ገንዘቡ እንዲህ ተፈቀደ ስል አለቀ እንዳይመስላችሁ። ኮሌጆች አንድ መመዘኛ አላቸው፤ ተማሪው ከጀመራቸው ክሬዲቶች ቢያንስ ሁለት ሦስተኛውን ማጠናቀቅ አለበት። እሱ 15 ጀምሮ 6 ነው የጨረሰው። 40 በመቶ ነው። የመንግሥት ገንዘብ ያልወሰደበት ሴሚስተርም ቢሆን ይቆጠራል። ስለዚህ የይግባኝ ደብዳቤ መጻፍ ነበረበት። ደብዳቤው ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ምን ሆነህ ነው? አሁን ምን ተለወጠ?

የመጀመሪያው ረቂቁ አራት መስመር ነበር። በእንግሊዝኛ «ጥቂት ሥራ በዝቶብኝ ነበር፤ አሁን ደህና ነኝ፤ ስለ ጊዜያችሁ አመሰግናለሁ» ይላል። አነበብኩትና መለስኩለት። ሁለተኛው አምስት መስመር ሆነ። ሦስተኛውን ሲያመጣ «ይሄ ደብዳቤ ስለ ማን ነው?» አልኩት። ዝም አለኝ። «በእንግሊዝኛ ስጽፈው የሌላ ሰው ይመስለኛል» አለ። በአማርኛ ጻፈው አልኩት።

ወደ ሳሎን ሄዶ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየ። ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር ላይ፣ በዚያ የተማሪ ጽሕፈቱ፣ ሦስት ገጽ ጽፎ መጣ። «ከጥር እስከ ሚያዝያ ደህና አልነበርኩም» ብሎ ይጀምራል። ከሥራ ወጥቶ አውቶቡስ ውስጥ ተኝቶ ኮሌጁን እንዳለፈ አለበት። ክፍል ውስጥ አስተማሪው ጥያቄ ጠይቆት ቃሉን እያወቀው አፉ አልታዘዝ እንዳለው አለበት። በአገሩ ጎበዝ እንደነበረና ያን ማንም እዚህ እንደማያውቅ አለበት። ጮክ ብሎ ሊያነብልኝ ጀምሮ ሁለተኛው ገጽ ላይ አቆመ፤ የቀረውን እኔ አነበብኩት። ከዚያ አብረን ወደ እንግሊዝኛ መለስነው። እንደ ደብዳቤ ረጅም ነው፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ሰዋስውም ይጎድለዋል። አላስተካከልኩትም። በሦስተኛው ሳምንት ተፈቀደለት።

ስለ ደብዳቤው ብዙ አሰብኩ። ስንቱን ማታ «ምን ሆነሃል? ንገረኝ» ብዬው ነበር። አንድ የማያውቀው ኮሚቴ ሲጠይቀው ጻፈው። ለእኔ ለምን አልነገረኝም ብዬ ትንሽ ቅር አለኝ፤ በኋላ ግን ገባኝ። ኮሚቴው ለእናቱ አይነግርም። ኮሚቴው «እኔም አልፌበታለሁ» አይልም። ሦስት ገጽ እስኪሞላ ይጠብቀዋል።

ለእናቱ የነገራት ራሱ ነው፤ ኦገስት ላይ። በወር የሚልከውን ወደ 100 ዶላር ዝቅ ማድረግ ነበረበት። በጀቱን አንድ ፖስታ ጀርባ ላይ ጽፈን አብረን አይተነዋል፤ ማደያውን ካልተወ አይማርም፤ ማደያውን ከተወ 250 መላክ አይችልም። እሱን የከበደው የታናሽ ወንድሙ ነገር ነው። ታናሹ 12ኛ ክፍል ሊገባ ነው፤ አስጠኚ ይከፈልለታል። ያን ፈተና ልጁ ያውቀዋል፤ ስንቱ ጓደኛው እንደቀረበት ያውቃል። በዚያ ላይ ደግሞ የብሩ ነገር አለ። ጁላይ 2024 ላይ የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከ120 ብር አልፏል። ዶላሩ ሳይጨምር ብሩ እጥፍ ሆነ። አገር ቤት ያለ ሰው የሚያየው የብሩን ቁጥር ነው፤ ገበያው ግን አብሮ ይወጣል። ስለዚህ የሚልከው ሲቀንስ በሰፈር ወሬ «ጠገበ» እንዳይባል ፈራ።

ነገራት። ከክፍሉ ነው የደወለላት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ካሜራውን አዙሮ ክፍሉን አሳያት። እኔ አልነበርኩም፤ እሱ ነው የነገረኝ። ብዙ ጊዜ ዝም አለች አለኝ። ከዚያ «እና እስከ ዛሬ ምን ትበላ ነበር?» አለችው። ስለ ብሩ አንድም ቃል አልተናገረችም።

ከዚያ ወዲህ እኔም «ደህና ነህ?» ማለት ትቻለሁ። የእኛ ሰላምታ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣ፤ ደህና ነህ ላለህ ሰው ደህና አይደለሁም ማለት ነውር ነው የሚመስለው። እኔ አሁን «ትናንት ማታ ምን በላህ?» እለዋለሁ። ይህ ጥያቄ የእናቱ ነው፤ ከእሷ ወስጄው ነው። ሩዝ ካለኝ ሩዝ ነው፤ ማምለጫ የለውም። «ስንት ሰዓት ተኛህ?» እለዋለሁ። «የመጨረሻው ደብዳቤ ከኮሌጅ መቼ መጣ? አሳየኝ» እለዋለሁ። የሚያስደስት ጨዋታ አይደለም፤ ግን ከእኔ የሃያ ስምንት ዓመት ትዝታ ይበልጥ ጠቅሞታል።

እዚህ አገር ላለን ሰዎች የምለው አንድ ነገር አለኝ። አዲስ የመጣ ልጅ ስናገኝ «ተማር» እንላለን። «አደራ ትምህርትህን» እንላለን። አገር ቤት ያለው ቤተሰብ «ላክ» ባይልም ዝምታው ይላል። ሥራ ቦታ «ሺፍት ጨምር» ይላል። ሦስቱንም ልጁ በአንድ ጭንቅላት ይሸከማል። «ተማር» ከማለት ያን ቅጽ አብሮ አንድ ማታ መቀመጥ ይበልጣል። እኔ እንግዲህ ከደርዘን በላይ ምክር ሰጥቼዋለሁ፤ አንዱንም አያስታውሰውም። የጁኑን ማታ ግን ታናሹ ሳይቀር ያስታውሰዋል።

ኦክቶበር ላይ አንድ ቀን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ስልኬ ጠራ። እሱ ነው። ሥራ ላይ ሆኖ ነው የደወለው። በዚያ ሰዓት ደውሎልኝ አያውቅም። ልቤ ቀጥ አለ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ቀሰቀስኩዎት።»

«ምን ሆንክ?»

ትንፋሹ ይሰማኛል። «ደህና አይደለሁም» አለኝ።

አከራዮቹ ቤቱን ሊሸጡት ነው፤ ሦስት ሳምንት ሰጥተውታል። መልእክቱ የመጣለት በዚያው ማታ ነው። እንደ ድሮው ቢሆን ሻንጣውን ይዞ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ሲያድር ነበር የምሰማው፤ ወይም ጭራሽ አልሰማም። አሁን ግን ሌሊቱ እስኪነጋ ጠብቆ ደወለ። ስልኩን ዘግቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ «ምነው? ምን ተፈጠረ?» አለችኝ። «ደህና አይደለሁም አለኝ» አልኳት። ሁለታችንም ተያየን። ቤት አጥቶ ደስ ይለኛል ማለት አይደለም። ግን ደስ አለኝ።

ለአሥር ሰው ደወልን። ቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ላይ አስለጠፍን። በአሥራ አንደኛው ቀን አንድ የላብራቶሪ ባልደረባዬ የምታውቃቸው ሁለት የሐበሻ ልጆች ክፍል እንዳላቸው ሰማን። ከቀድሞው በ60 ዶላር ይበልጣል። መስኮት አለው። ወጥ ቤቱ የጋራ ነው፤ ሽንኩርት ይቁላላበታል። ዕቃውን ያመላለስነው በእኔ መኪና በአንድ ዙር ነው፤ ፌስታሉን ጭኑ ላይ ይዞ ነው የሄደው።

በዚህ ሴሚስተር የያዘው 9 ክሬዲት ነው። ፔሉም በዚያው ልክ ሦስት አራተኛው ይመጣለታል። ሦስት ኮርስ፣ አምስት ሌሊት፣ ቅዳሜና እሑድ ዕረፍት። ያ እንግሊዝኛ ክፍል አልቋል። አስተማሪዋ ድርሰቱን ለሌሎቹ አንብባለት ነበር፤ ይህን ሳልጠይቀው ነው የነገረኝ።

ትናንት ደወለልኝ። እሑድ ምሳ እሱ ዘንድ እንድንመጣ፤ ሽሮ ሊሠራ ነው፤ እናቱ በቪዲዮ እያየች ታሠራዋለች። በርበሬው ተፈቷል ማለት ነው።

«ምን ይዘን እንምጣ?» አልኩት።

«ኧረ ምንም ጋሼ! እናንተ ብቻ ኑ።»

አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ስልኩ እንደገና ጠራ።

«ጋሼ…»

«አቤት።»

«ሽንኩርት ይዘው ይምጡልኝ።»